የጎደለው ደርብ

የበርሜል ሠሪዎቹ ቤት ሰው ማዢ፣ በፑጅሞሬል ከተማ በየዓመቱ በዓል ሰው በሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ በሚሠራው የሰው ማማ ሥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሟል፤ ማማውን ግን አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም።

መሠረት የሆነ ሰው ወደ ላይ አያይም። ቀና ያለ እንደሆነ አንገቱ ይሰበራል፤ አንገቱ ባይሰበር የቡድኑ አለቃ ይሰብርለታል። ማዢ የሸሚዙን ኮሌታ በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ፊት ለፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ አስደግፎ ይቆማል። ትከሻው ላይ ሁለተኛው ደርብ ይወጣል፣ በሁለተኛው ላይ ሦስተኛው፣ እንዲያ እያለ ሽቅብ። የቀረው የከተማው ወንድ ደግሞ ከኋላም ከጎንም ደረቱን ለጀርባ ሰጥቶ ወደ መሃል ይገፋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ላይ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ጆሮው ብቻ ነው። ሦስተኛው ደርብ መውጣት ሲጀምር ግራያ የምትባለው ጯሂ መለከት ትጀምራለች። ጫፍ የደረሰው ልጅ እጁን ሲያነሳ ዜማዋን ትለውጣለች። የመጨረሻው ሰው መሬት እስኪረግጥም አታቆምም። በመሃል ቀጥ ካለች ግን ሰው እየዘነበ ነው ማለት ነው።

ሚስቱ ረሜይ በዚህ ነገር ታበሽቀዋለች።

«ላም አለኝ በሰማይ» ትለዋለች።

«ወተቷንም አላይ» ብሎ ይጨርስላታል፤ ከዚያ ተነስቶ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስልም።

ምክንያቱም ማዢ ቁጭ ማለት ያልፈጠረበት ሰው ነው። የሚበላው ቆሞ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሄደ እንደሆነ ቄሱ ስብከት ሲጀምሩ እሱ በረንዳ ላይ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ የወይን ጠጅ መጋዘን ውስጥ ሌሎቹ ለሲጋራ አረፍ ሲሉ እሱ በርሜል ከዚህ ወደዚያ ያንከባልላል፤ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ በርሜል ከዚያ ወደዚህ ይመልሰዋል። አልጋ ላይ እንኳ እግሩ አያርፍም። ረሜይ ጠዋት ዓይኗን እያሸች «ዛሬስ ባርሴሎና ደርሰህ መጣህ» ትለዋለች። ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚረጋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአራት የአምስት ሰው ክብደት ትከሻው ላይ ያረፈ ጊዜ። ያኔ እግሩ ዝም ይላል፤ ሐሳቡም ዝም ይላል። በዓሉ በመጣ ቁጥር እሱ የሚጠብቀው ጭብጨባውን አይደለም፤ ያንን ዝምታ ነው።

ነገሩ የተበላሸው አገሩን ረግጦ የገዛው፣ ቋንቋችንንም የከለከለው ጄኔራል ሞቶ ሰው ሁሉ በገዛ ቋንቋው አደባባይ ላይ መጮኽ በጀመረ በጥቂት ዓመቱ ነው። የዚያ ዓመት በዓል ሲቃረብ አለቃችን ኦለገር ከልምምድ በኋላ ማዢን ወደ ጥግ ወሰደው። ኦለገር የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ወጣት ነው፤ ክፉ ነገር ሲናገር ጫማውን ያያል።

«አጎቴ» አለ፣ «ዘንድሮ ከሥር ኪርዘን ላቆም አስቤያለሁ።»

ኪርዘ የማዢን ሴት ልጅ ያገባ አማቹ ነው።

«ኪርዘ ምን አለው?»

«አንገት አለው።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ነበረዎት» አለ ኦለገር ጫማውን እያየ። «ሐኪሙ ያሉትን ሰምቻለሁ። ክንድዎ መደንዘዝ ጀምሯል አሉ። አንድ ቀን ከሥር ቢዝልብዎ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ምን ይሆናል?»

ማዢ ሐኪም ቤት መሄዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቤቱ እስኪደርስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አንቺ ነሽ የሸጥሽኝ?» አላት ረሜይን።

«እኔ ነኝ። ያውም በርካሽ።»

«ለምን?»

ረሜይ ሽንኩርቷን መክተፏን አላቆመችም። «በቃኝ» አለች። «ሌላ ነገር አትጠይቀኝ።»

እሱም አልጠየቃትም። አንጀቱ እያረረ ወጣ፤ የወይኑን ማሳ ሁለቴ ዞሮ ተመለሰ።

ሥዕሉ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ቡድናችን አምሳ ዓመት ሊሞላው ስለሆነ ሠዓሊው ባልዲሪ ስጦታ ልኮ ነበር። ባልዲሪ የኛው ልጅ ነው። ዛሬ ሥዕሉን በሩቅ አገር ቤተ መዘክር ይሰቅሉታል ይባላል፤ በወጣትነቱ ግን ማማው ሲቆም ልክ ከማዢ ጀርባ ተለጥፎ፣ በደረቱ እየደገፈው የሚቆም ልጅ ነበር። ከዚያ ባርሴሎና ሄደ፤ ከባርሴሎናም ፓሪስ፤ ጠፋ። አሁን የላከው የዘይት ቀለም ሥዕል በር የሚያህል ነው፤ ስሙም «አራት በስምንት»። አራት አራት ሰው እየተደራረበ፣ ከጫፉ ልጅ ጋር ስምንት ደርብ ማለት ነው። ፑጅሞሬል ያን ያህል የወጣችው በታሪኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን የሞንታልቢ ሰዎች እሱንም አልወጣችሁም ይሉናል።

በቡድናችን ክበብ አዳራሽ ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ በላይ ሰቅለን አንሶላውን ገፈፍነው። 

ማማ የለም። ሰውም የለም። ከታች እንደ ወይን አተላ የጠቆረ ቀለም እርስ በርሱ እየተጋፋ ተቆልሏል። ከመሃሉ ባለቤት የሌላት እጅ ብቅ ብላለች፤ ጣቷ ስድስት ነው። እዚያው ጥቁሩ ውስጥ አንድ ትልቅ የተጠማዘዘ ነገር ተንሳፍፏል፤ ከእሱ ቀጭን ቀይ ክር ወጥታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተጋደሙ ጠፍጣፋ ቀለሞችን እየሰነጠቀች ሽቅብ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሥዕሉ ጫፍ ባዶ ቢጫ ነው። ክሯም እዚያ ትጠፋለች።

«የተጠበሰ እንቁላል ነው» አለ አንዱ።

«ኧረ የማዮርካ ደሴት ካርታ ነው።»

«ልጄ በሦስት ዓመቷ ይህንኑ ግድግዳዬ ላይ ሠርታብኝ ቂጧን ነው ያጋልኩት» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። «ጎበዝ አይዞሽ ማለት ነበረብኝ ለካ!»

ረሜይ ክንዷን አጣምራ ከኋላ ቆማ ነበር። «የማዢ ጆሮ ነው» አለች።

አየነው። እውነትም ያ የተጠማዘዘ ነገር ጫፉ ላይ ጎደሎ ነበር፤ ልክ የማዢን ጆሮ በልጅነቱ የበርሜል ብረት እንደቆረጣት። ሰው ሁሉ አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ማዢን እያየ በሳቅ ፈረሰ። ማዢ ሳይታወቀው በእጁ ጆሮውን ሸፈነ። አፈረ፤ ግን ከሥዕሉ ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። ያ ጥቁር ግፊያ፣ ያ ሙቀት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ... ያውቀዋል። ከዚያ እንዳይወጣ የሚታገልበት ቦታ ነው።

ነገሩ በሳቅ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን የጫማ ሰፊዎቹ ቤት ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። የኛ ሰው ደግሞ የተደራረበ ነገር አይቶ ሳይቆጥር አያልፍም፤ ኬክም ቢሆን፣ የማገዶ ክምርም ቢሆን።

«አንድ» አሉ ሽማግሌው ከዘራቸውን ከታችኛው ጥቁር ጀምረው ወደ ጠፍጣፎቹ ቀለሞች እያሻገሩ። «ሁለት... ሦስት...» አዳራሹ አብሯቸው ቆጠረ። ሰባት ላይ ከዘራው ባዶው ቢጫ ላይ ደረሰ።

«ሰባት ነው!»

እንደገና ከላይ ወደ ታች ተቆጠረ። ሰባት። አንዱ ጥቁሩን ሁለት አድርጎ ለመቁጠር ሞከረና ተሰደበ። «ስሙን ስምንት ብሎ ሰባት ይሥልብናል? ምን አድርገነው ነው?» ተባለ። ያቺ ስድስት ጣት እጅ ማንንም አላሳሰበችም፤ ጥቁሩ ውስጥ የተንሳፈፈው ጆሮም እንዲሁ። የጎደለችው አንዲት ደርብ ግን የከተማው ሁሉ ውርደት ሆነች። በገበያ ቀን የሞንታልቢዋ ኦቾሎኒና ለውዝ ሻጭ የኛን ሴቶች ስታይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እናንተዬ፣ በቀለም እንኳ ስምንት አልወጣ አላችሁ?» ብላ ጮኸች። ይህ እንግዲህ የማይዋጥ ነገር ነው።

ኦለገር መጋዘኑ ድረስ መጣ።

«አጎቴ፣ ባልዲሪ የሚሰማው እርስዎን ነው። ሄደው ያናግሩልን። አንዲት ደርብ ነች፤ ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነች።»

ማዢ በርሜሉን ማንከባለል አቆመ። «ካስጨመርኩ ከሥር የምቆመው እኔ ነኝ።»

ኦለገር ጣራውን አየ፤ ጫማውን አየ። «አንዴ ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ዘንድሮ ብቻ።»

ማዢ በማግስቱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘ። ባዶ መቀመጫ ሞልቶ እሱ ቆሞ ሄደ። ባልዲሪ ከዓሣ አጥማጆች ሰፈር ጫፍ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ በሩን የከፈተለት በነጠላ ጫማ፣ ቅንድቡ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፎበት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ አልተያዩም። ባልዲሪ ፊቱን ሳይሆን የፊቱን ጎን አየ።

«ጆሮህ እንዴት ናት?»

«ሰባት ደርብ ነው የሠራኸው» አለ ማዢ።

«ምኑን?»

«ማማውን! የወጣነው ስምንት ነው። አንድ ጎድሏል።»

ባልዲሪ ግድግዳ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ዳቦ ቆርጦ፣ ቲማቲም አሽቶበት፣ ዘይት አንጠባጥቦበት፣ ጨው የጠጣ ዓሣ ደርቦ ሰጠው። ማዢ በመስኮቱና በበሩ መካከል እየተመላለሰ በላ።

«አሁንም አትቀመጥም?»

«ጨምርልን። ለአንተ ምንህ ነው?»

«ስማኝ፣ እኔ ምንም አልቆጠርኩም» አለ ባልዲሪ። «ካንተ ኋላ ቆሜ ስንት ዓመት ያየሁት ጆሮህን ነው። ከሱ ሌላ ጨለማና የሰው ላብ። ፓሪስ ስገባ ጓደኞቼ ሁሉ ሕልማቸውን ይሥላሉ፤ እኔ ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ይቺው ጆሮ ናት። በወፍ ልሸፍናት ሞከርኩ፣ በጨረቃ ልሸፍናት ሞከርኩ፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ እንዳለች ተውኳት።»

«እሺ ታችውስ ይሁን። ላዩን ለምን ባዶ ተውከው?»

«አላየሁትማ! ያላየሁትን ምን ብዬ ልሠራው? አንተ አይተኸዋል?»

ማዢ ዳቦውን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ባልዲሪ ተነስቶ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ቱቦ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ አነሳና እጁ ላይ አስቀመጠለት።

«እንኪያስ አንተ ጨምርበት። እኔ ትቼው ሄጃለሁ፤ የተሸከምከው አንተ ነህ። የፈለግክበት ቦታ አድርገው፤ አልቀየምህም። ማንም ቢጠይቀኝ እኔ ነኝ የሠራሁት እላለሁ።»

ማዢ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቱቦውን በኪሱ ውስጥ እየጨመቀ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ የመጣበትን አግኝቷል።  ለረሜይ ግን ምንም አልነገራትም።

ጠዋት ክበቡ ገና ሲከፈት ገባ። አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ባንኮኒው ላይ ወጣ፤ ብሩሹን ቀለም አስነካ፤ ባዶውን ቢጫ ፊት ለፊት ገጠመው። አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦታው የሱ ነው፤ ያ ዝምታ የሱ ነው። ኪርዘ ሌላ ዓመት ይጠብቅ፤ ወጣት ነው።

ብሩሹን አስጠጋ። ከሰባተኛው በላይ የት? ተጠግቶ ወይስ ራቅ ብሎ? ማማው ወደ ላይ ይቀጥናል ወይስ እንደዚያው ነው? ጫፉ ላይ የሸሚዛችን ቀይ ፀሐይ ሲያርፍበት ምን ይመስላል? ግራያዋን በሐሳቡ ጠራት፤ ጆሮው ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትቋረጥ ጮኸችለት። ግራያ ግን መልክ የላትም።  ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመውን ነገር መንገድ ላይ ቢያገኘው አያውቀውም። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ በባልዲሪ ተናደደ፤ በመጨረሻ ግን ያዘነው ለራሱ ነው፣ ያውም አጥንቱ ድረስ። ማን ያውቅብኛል ብሎ ብሩሹን እንደገና አነሳ። እሱ ራሱ ያውቃል። ከባንኮኒው ወረደ፤ ብሩሹን በቧንቧ ውኃ አጥቦ ባንኮኒው ላይ ተወው።

ኦለገርን ያገኘው የሰው ኩሽና ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሥር ተጋድሞ ነው። የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር።

«ኪርዘ ይቁም» አለ ማዢ ለእግሩ።

«ስምንተኛውስ ደርብ? እምቢ አለ እንዴ?»

«እኔ እጨምረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ልየው።»

 «እሺ አጎቴ» አለ ኦለገር ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

በበዓሉ ቀን ማዢ ወደ አደባባዩ ወደሚያየው የረሜይ እህት ሰገነት ወጣ። ሰገነቱ የሴቶች ነው፤ ባሎቻቸው ታች ስለሆኑ።

«ለማዢ ወንበር አምጡለት!» አለች አንዷ።

«ቢመጣለትስ ይቀመጣል? ወንበሩ ይቀመጥበት እንጂ!»

ረሜይ ጥጉ ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቆምበት ቦታ፣ የብረት መከታውን ይዛ ቆማለች። ጠጋ አለችለት። ማዢ ወደ ታች ሲያይ የሰው ራስ ብቻ ነው፤ ከመሃሉ አንዲት ጠባብ ጉድጓድ። ያቺ ናት ቦታው። ኪርዘ ኮሌታውን ነክሶ ገባባትና ጠፋ። ማዢ መከታውን ጨበጠ፤ እግሩ ወደ ደረጃው ሮጥ ሮጥ አለበት።

ሁለተኛው ደርብ ወጣ። ሦስተኛው ጀመረ፤ ግራያዋም ጮኸች። አራተኛ። አምስተኛ። ቀይ ሸሚዞቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጡ ሽቅብ ተነሱ፤ ከሰገነቱ አለፉ፤ ማዢ ቀና ማለት ጀመረ። ማማው ይንቀጠቀጣል። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። እሱ ከሥር ሆኖ የሚያውቀው ክብደቱን ነው፤ ሊወድቅ የሚችል ነገር መሆኑን በዓይኑ አላየም። የሰው ጉልበት እንደ ቅጠል ሲርገበገብ፣ አንዱ ክንድ ሲንሸራተትና መልሶ ሲይዝ አየ።  ፈራ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልፈራውን በአንድ ጊዜ ፈራው።

ስድስተኛው ቆመ፤ ሰባተኛው መውጣት ያዘ። ማዢ ሊያሳያት ወደ ረሜይ ዞረ። ረሜይ ግን ወደ ላይ አታይም። ዓይኗን ከታች ያቺ ጉድጓድ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቶቿ መከታው ላይ ነጭ ሆነዋል።

«ረሜይ፣ ላይ ነው እኮ! ምን ታያለሽ እዚያ?»

ደንገጥ አለች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ያኔ፣ ስምንቱ የወጣ ዕለት...» አላት። «ጫፉ ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እዚሁ አልነበርሽም እንዴ?»

«ነበርኩ። በየዓመቱ ነበርኩ» አለች። «ቀና ብዬ ግን አላውቅም። አንተ እዚያ ውስጥ ሆነህ እኔ ላይ ምን አለኝ?»

 ማዢ ዞሮ ፊቷን አያት፤ እሷም አየችው። በዚያው ቅጽበት ግራያዋ ዜማዋን ለወጠች፤ አደባባዩ በጩኸት ተናጋ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሰገነቱ ላይ ዘለሉ። ልጁ ስምንተኛው ላይ እጁን አንስቶ አውርዷል። ሁለቱም ቀና ሲሉ መውረድ ጀምሮ ነበር።

«አየኸው?» አለችው ረሜይ።

«አላየሁትም» አላት።